«አቀናሁት» ማለት፦ የመሬት ፍቅርና ባለቤትነት በሁለት የኬንያ ድርሰቶች

በተወሰደ መሬት ላይ ተወልዶ ያደገ፣ መሬቱንም ከልቡ የሚወድ ሰው «አገሬ ነው» ቢል ምን ይመለስለታል? ስለ ኬንያ ደጋ የተጻፉ ድርሰቶች በወራሪና በተወራሪ ጎራ ብቻ ተከፍለው ሲነበቡ ይህ ጥያቄ ይሸፈናል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በኤልስፐት ሃክስሊ «የቲካ የነበልባል ዛፎች» (1959) እና በንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «አታልቅስ፣ ልጄ» (1964) ውስጥ ለመመርመር ይሞክራል። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በቅድሚያ ታሪካዊ ዳራውን እንመልከት። የባቡር ሐዲዱ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ከደረሰ በኋላ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር አውሮፓውያን ገበሬዎችን በደጋው አሰፈረ። የ1902ቱ የመሬት ሕግ የ99 ዓመት፣ የ1915ቱ ደግሞ የ999 ዓመት ኪራይ ፈቀደላቸው። በኪኩዩ ዘንድ ግን መሬት የሚያዘው መጀመሪያ መንጥሮ ካቀናው አባት በትውልድ ቆጠራ ነበር። የአማርኛ አንባቢ «ርስት» የሚለውን ቃል ቢያስብ ከነገሩ አይርቅም።

ሃክስሊ ትረካዋን የሰጠችው ለሕፃን ልጅ ነው። አባትየው መሬቱን የገዛው ሆቴል ውስጥ፣ መጠጥ ቤት ተቀምጦ መሆኑን ተራኪዋ በቀልድ ትነግረናለች። ኪኩዮቹም በፍቅር ይሳላሉ። ነገር ግን ሕፃን የመሬት ውል አትጠየቅም። ድርሰቱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረውን ዘመን ይተርክ እንጂ የታተመው በ1952 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና ሳይነሣ ነው። ስለዚህ የተራኪዋ ዕድሜ የአተራረክ ስልት ብቻ አይደለም፤ ከክርክሩ መሸሸጊያም ነው።

ንጉጊ ግን ከባዱን መንገድ መርጧል። ሰፋሪው ሃውላንድስም ሠራተኛው ንጎቶም ከአንደኛው ጦርነት የተመለሱ ናቸው፤ ሁለቱም በሁለተኛው ጦርነት አንድ አንድ ልጅ አጥተዋል። ሁለቱም ያንኑ የሻይ ማሳ ይወዳሉ። ንጎቶ የሚሠራው በአባቶቹ መሬት ላይ ነው፤ አንድ ቀን ይመለስልናል ብሎም ይጠብቃል። ሃውላንድስ ከእሱ በኋላ መሬቱን ማን እንደሚይዘው ሲናገር ንጎቶ ወደ አገሩ ሊመለስ መስሎት ልቡ ይዘላል፤ የሚያገኘው መልስ ግን ቤቱ እዚሁ መሆኑን ነው። ደራሲው የባላጋራውን ፍቅር ሐሰት አላደረገውም። የክሱ ብርታትም ከዚህ ይመነጫል፤ ፍቅር እውነት ሊሆን ይችላል፣ የባለቤትነት ማስረጃ ግን አይሆንም።

የልቦለዱ ጉድለት በሦስተኛው ሰው ላይ ይታያል። የሃውላንድስ ልጅ ስቲቨን፣ የንጎቶን ልጅ ንጆሮጌን በትምህርት ቤት ያገኘዋል። በልጅነታቸው ለመነጋገር ፈልገው እንደተፈራሩ ይነጋገራሉ። ስቲቨን ወደ እንግሊዝ መሄድ አይፈልግም፤ ነገር ግን ሊሄድ ነው። የአባቱን ውል አልፈረመም፣ የንጎቶን የትውልድ ሐረግም አይቆጥርም። ንጉጊ ይህን ገጸ ባሕርይ በአንድ አጭር ጭውውት አሰናብቶታል። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የእሱ ነበር። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው ከ99 ዓመት ባልበለጠ ኪራይ ብቻ እንዲሆን ሲደነግግ መለያውን በዜግነት ላይ አድርጎታል። ሕግ እንዲህ መወሰን ይችላል፤ አንድ ሰው የት እንደሚገባው በልቡ የሚሰማውን ግን አይፈታም።

ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአማርኛ «ማቅናት» ጫካ መንጥሮ ማልማትም፣ አገርን በኃይል ማስገበርም ነው። ቃሉ ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክሞ በድርሰቶቻችን ውስጥ ሲያልፍ የትኛውን እንደሚል ጠይቀን እናውቃለን? አንድ ገጸ ባሕርይ «ያቀናሁት መሬት» ሲል ላቡን ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት እዚያ የነበረውንም ሰው መፈለግ የአንባቢና የሐያሲ ተግባር ነው።