የጥልፍ ሥራችን፦ ጥንታዊ ቅርስ ነው ወይስ የመጠባበቅ ዘመን ምስክር?

በአሽዶድ በብዙ የወገኖቻችን ቤቶች በሶፋው ላይ ወይም በግድግዳው ላይ በቀለም ክር የተጠለፈ ሥዕል ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የትራስ ልብስ፣ ሌላው የሐላ መሸፈኛ፣ ሌላው የግድግዳ ጌጥ ነው። ሥዕሉም የኖኅ መርከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ወይም ከጎጆ ደጃፍ እንስራ ያዘለች ሴት ሊሆን ይችላል። ለእንግዳ ስናሳይ «ጥንታዊ የባህል ሥራችን ነው» እንላለን፤ በዕብራይስጥም «ማሶርቲ» ብለን እንተረጉመዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ አባባል ነው። ልጆቻችን ጨርቁን ሲወርሱ ስለ ጨርቁ የነገርናቸውንም አብረው ስለሚወርሱ፣ የምንነግራቸው ነገር እውነት መሆን ይኖርበታል።

እንደሚታወቀው በጎንደርና በአካባቢው የቤተ እስራኤል ወንዶች ሙያ በተለይ ሽመናና የብረት ሥራ ሲሆን፣ የሴቶቹ ደግሞ ሸክላና ስፌት ነበር። ስፌት ስንል በስንደዶ፣ በአክርማና ቀለም በተነከረ አለላ የሚሠራውን መሶብ፣ ሰፌድና እንቅብ ማለታችን ነው። ጥጡን ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ድርና ማግ አድርጎ ይሠራዋል። በሌላው ዓለም የጨርቅ ቁራጭ እየገጣጠሙ በጥልፍ የሚያስጌጡት ወፍራም ብርድ ልብስ አለ። በእኛ ዘንድ የዚያን ቦታ የያዘው አራት ድርቡ ጋቢ ነው፤ የጋቢም ውበቱ ከፈትሉ ጥራትና ከሸማኔው እጅ እንጂ ከጥልፍ አይመጣም።

ጥልፍ በአገሩ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ በቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ልብስ ነው። እናቶቻችንም ጥልፍ ቀሚስ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ያ ጥልፍ የልብስ ጌጥ ነበር፤ ታሪክ የሚተርክ ሥዕል አልነበረም።

ታዲያ በትራስ ልብሱ ላይ ያለው ሥዕል ከየት መጣ? በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ የመግቢያ ፈቃድ ያላገኙ ብዙ ሰዎች በአዲስ አበባ ቀሩ። ከጊዜ በኋላም በጎንደር ከተማ ሌሎች ተሰባሰቡ። እርሻቸውንና ቤታቸውን ትተው ስለ መጡ የሚበሉት እንጂ የሚያርሱት አልነበራቸውም፤ የሚበሉትም ቢሆን በሰው እጅ ነበር። በዚያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የተቋቋመው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ጉባኤ፣ በአጭሩ ናኮጅ፣ ጥልፍ እያሠራና የተሠራውን በአሜሪካ እየሸጠ ለሠሪዎቹ መተዳደሪያ እንዲሆናቸው አደረገ። የትራስ ልብሱና የሐላ መሸፈኛው በዚህ መንገድ ተበራከቱ። እንግዲህ ይህ ሥዕላዊ ጥልፍ በጥበቃ ግቢ ውስጥ፣ ለሩቅ ገዢ ታስቦ፣ «መቼ ይጠሩን ይሆን?» እያሉ ቀን በሚቆጥሩ እጆች የተወለደ ነው። ዕድሜውም ከብዙዎቹ ወጣቶቻችን ዕድሜ ብዙ አይበልጥም።

ይህን የምንለው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። ተመሳሳይ ታሪክ በሌላ ሕዝብም ደርሷል። ከላኦስ የወጡት የሞንግ ሕዝቦች የቆየው ጥልፋቸው የመስመርና የቅርጽ ጌጥ ነበር። ከ1975 በኋላ በታይላንድ የስደተኞች ካምፕ ሲቀመጡ ግን ጦርነቱን፣ ሽሽቱንና የሜኮንግን ወንዝ መሻገራቸውን በጨርቅ ላይ እየጠለፉ ለውጭ ገዢዎች መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ በአሜሪካ ያደጉ ልጆቻቸው የወላጆቻቸውን መንገድ ከነዚያ ጨርቆች ይማራሉ። ለገበያ ተብሎ መሠራቱ ምስክርነቱን አላጠፋውም። የእኛም ጥልፍ ትክክለኛ ክብሩ ከዚህ ላይ ነው፤ የመጠባበቅ ዘመናችን በእጅ የተጻፈ ምስክር ነው።

«ጥንታዊ» የሚለውን ቃል ለምን እንደምንወድደውም እንረዳለን። በአገራችን የእጅ ባለሙያ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ለተሰደበ ሙያ ጥንታዊነት እንደ መድኃኒት ነው። ሆኖም መድኃኒቱን ያለ ቦታው ስናደርገው ጉዳት አለው። ትናንት የተጀመረውን ጥልፍ ጥንታዊ ስንል፣ በእውነት የቆዩት ሽመናው፣ ሸክላውና ስፌቱ ይረሳሉ፤ በግቢ የተቀመጡት ሰዎች መከራም ከታሪክ ይሰረዛል።

በዚህ ዓይን ሥራዎቹን ስንመለከት ሁሉም እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ገዢው ምን እንደሚወድድ ብቻ እያሰበ የተሠራ ይመስላል፤ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ እንስራ፣ ሁሉም ፊት አንድ ዓይነት። አሥሩን ያየ አንዱን ያየ ያህል ነው። ሌላው ግን የሠሪው ዕውቀት ሳይታዘዝ የገባበት ነው። የኖኅን መርከብ በጣና ላይ እንደሚሄድ ታንኳ አድርጎ የሚያሳይ፣ በሬዎቹን በትክክለኛው ቀንበርና ሞፈር የሚጠምድ፣ መሶቡን በአለላው ቀለም ለይቶ የሚጠልፍ እጅ የኖረበትን ያውቃል። ከጽሑፍ ሁሉ ይልቅ እንዲህ ያለው ሥራ ለተመራማሪ ይናገራል። ሙያውን ለመመዘን ደግሞ ጨርቁን መገልበጥ ነው። በጀርባው ክሩ ከቦታ ቦታ ረጅም እየዘለለ የተቋጠረ እንደሆነ ሥራው ተጣድፏል፤ ጀርባው እንደ ፊቱ ለስላሳ ከሆነ ሠሪዋ ጊዜዋን ሰጥታለች።

ጊዜ ካልን ዘንድ ስለ ስልክ ሳንናገር አናልፍም። ወጣቶች እጅ ሥራ የማይማሩት በስልክ ምክንያት ነው የሚል ወቀሳ በየጊዜው እንሰማለን። ነገሩ ግን ለወጣት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ እናቶችም ዛሬ በዋትሳፕና በቲክቶክ ከዘመድ ጋር ውለው ያመሻሉ። ከዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይጠቅማል። ፈትል ሲፈተል ወይም መሶብ ሲሰፋ የለመደ እጅ ብቻውን ይሄዳል፤ አፍ ያወጋል፣ ጆሮ ይሰማል። የአማርኛ ሬዲዮም እዚህ አገር ለብዙ ዓመታት ከእጅ ሥራ ጋር ሳይጣላ ኖሯል፤ የሚፈልገው ጆሮን ነውና። ስልክ የሚፈልገው ዓይንን ነው። ጥልፍም የሚፈልገው ዓይንን ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይን አይታዩም። ስለዚህ ስልኩ ከሁሉ አስቀድሞ የጎዳው ጥልፉን ነው፤ ከጥልፉ ጋርም በአንድ ላይ ተቀምጦ እየሠሩ ማውጋትን ነው። ልጅ የመንደሩን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የመንገዱን ችግር ሲሰማ የኖረው በእንዲህ ያለ ጨዋታ መካከል ነበር።

ሌላው የስልክ ጉዳት ንድፉን ማቅረቡ ነው። ከስልክ ላይ የተቀዳ ሥዕል ንጹሕና ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን የማንም አይደለም። በቀሚስም እንዲሁ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል በሆነው በሲግድ ዕለት ከሸማኔ እጅ የወጣ ጥለት ከለበሱት መካከል፣ ጥለት መስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ የለበሱ አሉ። ዋጋው ስለሚቀንስ አንፈርድም። ልዩነቱን የሚያውቅ ዓይን እንዳይጠፋ ግን እናሳስባለን።

ስም የሌለው ሥራ ምን እንደሚሆን ከጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ታስተምረናለች። በዚያ ሴቶቻችን ለጎብኚዎች ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። እነርሱ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላም ምስሎቹ በመንደሪቱ ይሸጣሉ፤ የፊተኞቹ ሠሪዎች እነማን እንደ ነበሩ ግን ምስሎቹ አይናገሩም። በአሽዶድ ቤቶች ያለው ጥልፍም ከአንድ ትውልድ በኋላ እንዲሁ ዝም እንዳይል እንሰጋለን። ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያና ከሩሲያ የመጡት ጎረቤቶቻችን ከእናቶቻቸው የወረሱትን ሲያሳዩ የማን እንደ ነበረ ይናገራሉ። እኛም ልንናገር ይገባናል።

ስለዚህ ጥልፍ በቤቱ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ሠሪዋ በሕይወት ሳለች ይጠይቃት። ስሟን፣ የተወለደችበትን መንደር፣ የጠለፈችበትን ከተማና ዓመት፣ ስንት ዘመን እንደ ጠበቀች በትንሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ጽፎ በጀርባው በኩል ይስፋው። በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፍ። ስልኩም በዚህ ጊዜ ይጥቀም፤ እርሷ ስትናገር ድምፅዋን ይቅዳ። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ግን ስልኩ እንቅብ ውስጥ ይግባና ክርና መርፌ ይምጣ። ልጅቱ የመጀመሪያ ስፌቷ ቢጣመምም ግድ የለም፤ ከአያቷ ጋር ለመቀመጥ ምክንያት አግኝታለች።