ጸሎት እምቢ ሲል

«አባ፣ ዳዊቱን እከፍታለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዝ ይለኛል።» በጉራጌ አገር በእንሴኖና በዙሪያዋ የንስሐ ልጆች ያሉኝ ካህን ነኝ፤ ይህን ቃል ደጋግሜ እሰማለሁ። ይህን የሚሉት ሰነፎች አይደሉም፤ ሰነፍ ጸሎት ማቆሙን እንኳ ልብ አይልም። ውዳሴ ማርያም ሳይደግሙ እህል የማይቀምሱ እናቶች፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ አባወራዎች ናቸው። ሐዘን ወይም በሽታ ሲገባ ጸሎታቸው ይጠፋል፤ ጸሎቱ በመጥፋቱ ደግሞ እግዚአብሔር የተዋቸው ይመስላቸዋል። ይሄኛው ፍርሃት ከፊተኛው ሐዘን ብሶ ሲሰብራቸው አያለሁ። የንስሐ ምሥጢር አይወጣምና የማንንም ታሪክ አልተርክም፤ ብዙዎች በአንድ አፍ የሚሉትን ብቻ ነው የምጽፈው።

አገራችን ያየችውን አይታለች። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ መካከል የተነሣው ግጭት ሰው ገደለ፣ ቤት አቃጠለ፣ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቀለ፤ እንሴኖም ከመካከሉ ነበረች። የጀመረው በመስከረም ነው። መስከረም ለጉራጌ አገር ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ አዲስ አበባ የከረመው ልጅ ሁሉ ለመስቀል የሚገባበት፣ የተኳረፈ የሚታረቅበት ወር ነው። በዚያ ወር ከቤቱ የወጣ ሰው የጸሎት መጽሐፉን ለመያዝ ጊዜ አላገኘም። ከመጽሐፉ ማጣት የከበደው ግን ሌላ ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሮ የበደሉንን ይቅር ስለማለት ከሚናገረው ቃል ሲደርስ ጉሮሮው ይዘጋል፤ የበደለው የአንድ ገበያ ሰው ነውና።

እንዲህ ላለው ሰው «ዝለለው» አልለውም፤ «ከልብህ ሳይሆን ጸሎቱ ዋጋ የለውም» ማለትም ሰውን ከእግዚአብሔር ደጅ ማባረር ነው። የምለው፦ እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ቁም። ማለት ካልቻልህ ዝም በል፤ ዝምታህን እሱ ይሰማል። ከዚያ ቀጥለህ ጨርስ። ነገም እዚያችው ላይ ቁም። ወራት የሚፈጅ ይቅርታ አለ፤ በዚያ ሁሉ ወራት ሰውየው በየማለዳው ከቃሉ ፊት ቆሟል ማለት ነው፤ ይህ ከጸሎት ካልተቆጠረ ሌላ ምን ሊቆጠር ነው?

የአባቶችን ሥርዓት የምወድበት ዋናው ምክንያት የልብን ሁኔታ ሳይጠብቅ የሚሄድ መሆኑ ነው። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ሐሙስ ዕለት መዝሙር 87 ይመጣል። ከሐዘን መዝሙራት አብዛኞቹ በልቅሶ ጀምረው በምስጋና ሲያልቁ ይህኛው እንደዚያ አይደለም፤ ወዳጅና ዘመድ ራቀኝ በሚል አቤቱታ ይዘጋል፤ መጽናኛ አልተጨመረበትም። ቤተ ክርስቲያን ግን አላወጣችውም፤ በየሳምንቱ ታስደግመዋለች። ልጁን የዳረው ሰው በሐሙስ ያገኘዋል፣ ልጁን የቀበረውም ያገኘዋል። የተደሰተው ሰው ያን ቀን በማያውቀው ሐዘንተኛ አፍ ይናገራል። ሐዘንተኛውም ቅዳሜ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሌሎች የጀመሩትን ምስጋና ይዋሳል። ተፈናቃይ ደግሞ ቅዳሜ መዝሙር 136ን ያገኛል፤ በባዕድ አገር እንዴት እንዘምር ብለው ያለቀሱ ሰዎች ከእርሱ በፊት እንደነበሩ ያያል። ስለዚህ «ስሜት የለኝምና ብጸልይ ማታለል አይሆንም ወይ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ቃሉ ያንተ ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ቁመህ ነው የምትደግመው።

መጠኑን ማሳጠር ግን ያስፈልጋል። የዕለቱ ድርሻ ሁሉ ሲከብድ አንድ ንጉሥ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ እሱም ሲከብድ አንድ መዝሙር፤ እሱም እምቢ ካለ እግዚኦታ። ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ሄዶ ያንኑ ቃል እንደ ጸለየ ማቴዎስ ጽፏል፤ በጭንቅ ሌሊት አዲስ ቃል አልፈለገም። የሳሙኤል እናት ሐናም ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች አላት። ይህን ታሪክ ከሁሉ አስቀድመን ማስታወስ ያለብን እኛ ካህናት ነን፤ ድምፅ ያጣውን ሰው ጸሎት አቁሟል ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለንና።

የሥጋ ድካምም አለ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ ስለ እምነት ማነስ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰውና አበላው። ሶርያዊው ማር ይስሐቅም ጨለማው በከበደ ሰዓት ለመስገድ አቅም ያጣ መነኩሴ መጎናጸፊያውን ተከናንቦ ይተኛ፣ ከበዓቱ ግን አይውጣ ብሎ ይመክራል። ይህን የሚለው ታላቅ ባሕታዊ ነው። ከሌሊት ጥበቃ የመጣ፣ በሽተኛ ሲያስታምም ያደረ ሰው ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት ካላደረስሁ ብሎ ራሱን ሲያስጨንቅ ባየሁ ቁጥር በልቶ እንዲተኛ አዛለሁ። እንቅልፍ አጥቶ ሰውነቱ የከዳው ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ጠበሉንም ጸሎቱንም ሳይተው።

ደካማውን የሚያሳፍረው ሌላው ነገር የቅዱሳን ገድል ነው። ሶዶ ውስጥ ምድረ ከብድ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ፤ መጋቢት 5 ቀን ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፍበታል። ጻድቁ በዝቋላ ባሕር ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው 100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይተርካል። ደካማ ሰው ይህን ሲሰማ «እሳቸው መቶ ዓመት፣ እኔ ሩብ ሰዓት አቃተኝ» ብሎ ያፍራል። አንባቢው ገድሉን በተገላቢጦሽ እንዲሰማው እፈልጋለሁ። ጻድቁ የጸለዩት መጸለይ ስላቃተን ለእኛ ነው። መጻጉዑን አራት ሰዎች ተሸክመው ጣራ ነድለው ያወረዱት ጊዜ ጌታ ያየው የተሸካሚዎቹንም እምነት ነው። ቅዳሴው ውስጥ ስለ በሽተኞች፣ ስለ መንገደኞች የሚለመነው ልመና ሰውየው ቤቱ ተኝቶም ይደርሰዋል። ስለዚህ «ጸልዩልኝ» ማለት እንደ ሰላምታ ቃል መሆኑ ቀርቶ መጸለይ ያቃተው ሰው የክርስትና ስሙን ይስጥ፤ እኛም ስሙን ይዘን እንቁም።

ደኅና ቀን ሲመለስ አንድ ሌላ ችግር አብሮ ይመጣል። ሰውየው ያመለጠውን ሁሉ ልክፈል ይላል፤ የተቋረጠውን የወራት ዳዊት ቆጥሮ በሌሊት ሊያሟላ ይነሣል። በሳምንቱ ይደክምና ዳግመኛ ይወድቃል። ጸሎት ውዝፍ የለውም። የተመለሰበት ቀን ሐሙስ ከሆነ ከ81 ይጀምር።