«ምርመራ»፣ «ልየታ» እና «ድንጋጤ»፦ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ስለሚደርስ ኃይለኛ አለርጂ አሰያየም የቀረበ ሂስ

ስለ ሕክምና ቃላት ሲጻፍ አዘውትሮ የሚነሣው ክርክር ባዕዱ ቃል እንዳለ ይወሰድ ወይስ በአማርኛ ይተካ የሚለው ነው። ይሁንና ከባዕዱ ቃል ይልቅ አማርኛ መስሎ ሌላ ነገር የሚናገረው ቃል የበለጠ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚደርሰው ኃይለኛ አለርጂ፣ ማለትም አናፊላክሲስ፣ የሚታወቅበትን መንገድ የሚያስረዱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚታየው የቃላት ምርጫ ለዚህ ምስክር ነው። ምሳሌዬን ከወልቂጤና ዛሬ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ካለችው ከቡታጅራ እወስዳለሁ። በሁለቱም ከተሞች ሐኪምና ታካሚ በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ የታካሚው አፍ መፍቻ ግን ቸሃ፣ እዣ፣ ክስታኔ፣ መስቃን፣ ቀቤንኛ ወይም ማረቆኛ ሊሆን ስለሚችል የቃሉ እንከን እጥፍ ሆኖ ይጎላል።

ከሁሉ የሚከፋው ዲያግኖሲስን «ምርመራ» ማለት ነው። መመርመር መፈተሽና ማጣራት እንጂ «በሽታው ይህ ነው» ብሎ መወሰን አይደለም። በሌሎች በሽታዎች ሁለቱ ተከታትለው ስለሚመጡ ልዩነቱ አያስታውቅም። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አንቲባዮቲክ ወይም ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት በደም ሥር በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የደም ግፊቱ ቢያሽቆለቁል፣ የአየር ቧንቧው ቢጠብ፣ ባለሙያው ከሚያየው ተነሥቶ በሽታውን ይለያል፤ አድሬናሊንም ይሰጣል። ለትሪፕቴዝ ልኬት ደም የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ችግሩ በተከሠተ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቢዘገይ እስከ 4 ሰዓት ድረስ፣ ለማነጻጸሪያም ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይቀዳል። የመጀመሪያው ልኬት ከማነጻጸሪያው 1.2 እጥፍ ላይ 2 ናኖግራም በሚሊሊትር ከተደመረበት መጠን ቢበልጥ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ባይበልጥም አናፊላክሲስ አልነበረም አያሰኝም። የቆዳ ፍተሻው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይደረጋል። እንግዲህ «በምርመራ ሲረጋገጥ አድሬናሊን ይሰጥ» የሚል ትርጉም፣ ሰዋስዉ ቢያምርም፣ አንባቢውን የላቦራቶሪ ደጅ ያስጠናዋል። በበኩሌ «የበሽታ ልየታ» እላለሁ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ «ለይቶ ማቆያ» የሚለው ስያሜ ስለተለመደ «ልየታ» ብቻውን ሰውን ከሰው ማግለል ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ «የበሽታ» የሚለው ሊነጠለው አይገባም።

«ሾክ»ን «ድንጋጤ» ማለትም እንዲሁ ነው። የደም ዝውውር መውደቁን ለማስረዳት ለቤተሰብ «ድንጋጤ ነው» ቢባል፣ ሰሚው ታካሚው ቢላዋውን ፈርቶ እንደ ወደቀ ይረዳል፤ የመድኃኒቱን ስም መዝግቦ ለሌላ ጊዜ መያዝ እንዳለበት ከቶ አይጠረጥርም። አናፊላክሲስ የሚለው ቃል ራሱ ቢቀር ይሻላል። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1902 ቃሉን የፈጠሩት የባሕር እንስሳ መርዝ ሁለተኛ ጊዜ በጥቂቱ የተሰጣቸው ውሾች ከመለመድ ይልቅ ሲሞቱ አይተው፣ የመከላከል ተቃራኒ ነው ለማለት ነበር። ይህን የሚሸከም አማርኛ ብፈልግ አላገኘሁም፤ «መቆጣት» እንዳይባል ለብግነትም ይሠራበታል።

«በቀዶ ሕክምና ዙሪያ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፦ በጽሕፈት ቤት አማርኛ «ስለ ቀዶ ሕክምና» ማለት ስለሆነ «ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ በጊዜውና በኋላ» ይባል።

ዋናው ቁም ነገር ከማደንዘዣው በፊት በሚቀርበው ጥያቄ ላይ ነው። የተኛ ሰው «አሳከከኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አይልም፤ ሽፍታ ቢወጣበትም በጨርቅ ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል፤ የግፊት መውረድም ከማደንዘዣው ወይም ከደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ብሔራዊ ጥናት ችግሩን ከ10,000 ማደንዘዣ በ1 ያህሉ ገምቶ፣ ከመንሥኤዎቹ አንቲባዮቲክን አስቀድሟል። ስለዚህ ታካሚው ነቅቶ ሳለ የሚናገረው አንድ ቃል ብዙ ዋጋ አለው። ሆኖም «አለርጂ አለብዎት?» ተብላ የተጠየቀች እናት፣ አለርጂን በአቧራ ከሚመጣ ማስነጠስ ጋር ብቻ ካያያዘችው፣ «የለብኝም» ትላለች። ከዓመታት በፊት መርፌ ተወግታ ከንፈሯ ያበጠውን «ምች መታኝ» ብላ በዳማከሴ አሳልፋው፣ ወይም «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብላ ትታው ሊሆን ይችላል።

በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ነፍሰ ጡሮችን መዝግቦ ልጆቻቸውን የተከታተለው የአስምና የአለርጂ ጥናት እናቶችን ስለ ምልክቶቹ ጠይቋል፤ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ የመሳሰለውን ማለት ነው። የቀዶ ሕክምና ቅጽም ይህን መንገድ ቢከተል መልካም ነው፦ «ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው ወይም መድኃኒት ወስደው ያልተስማማዎት ነበር? ፊትዎ ወይም ከንፈርዎ አብጦ፣ ሰውነትዎ አሳክኮዎት፣ ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል?» «አልተስማማኝም» ማቅለሽለሽንም ስለሚጨምር ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ሊቀር አይገባውም። ወደ ቸሃ ወይም ወደ መስቃን የሚመልስ አስተርጓሚም ከስሙ ይልቅ እብጠቱንና ትንፋሹን ቢይዝ ሥራው ይቀለዋል።