ስም የሌላቸው አማልክት፦ ስለ «ጦቢያ» እና ስለ ኦዳው ተውኔት የቀረበ ሂስ

ስለ ሥነ ጽሑፋችን በተነጋገርን ቁጥር አዘውትረን የምንጠይቀው ደራሲው ስለ ባላባቱና ስለ ጭሰኛው ምን አለ ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንተወውም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ሌላ ነው። ደራሲ በልቡ አገር ፈጥሮ፣ በፈጠረውም አገር ሃይማኖታቸው የተለያየ ሕዝቦችን ሲያሰፍር፣ ለማን አምላክ ስም ሰጠ? የማንንስ አምላክ ያለ ስም ተወው?

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ስም ነው። ኋላ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም «ጦቢያ» እየተባለ ታወቀ፤ የመጀመሪያው ርዕስ ደግሞ ለድርሰት ዘርፉ በሙሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ መጽሐፉን የጻፈው እንደ እኛው በሰው አገር ተቀምጦ፣ በናፖሊ አማርኛ እያስተማረ ነበር። ስለ ፖለቲካ ሕይወቱ፣ ከአድዋ ዘመን ጀምሮ እስከ አምስቱ ዓመት ወረራ ድረስ ከጣልያን ጋር ስለ ነበረው ውል፣ በሌላ ጊዜ ብዙ ማለት ይቻላል። እዚህ ግን መጽሐፉን ከሰውየው ለይተን እንይ።

የታሪኩ አገር ስም የለውም፤ ዘመኑም አልተቆጠረም። የምናውቀው አንድ የክርስቲያን ሕዝብ፣ አንድ ደግሞ «አረመኔ» የተባለ ሕዝብ ጎን ለጎን መኖራቸውን ነው። አረመኔው ንጉሥ ይዘምታል፤ የክርስቲያኑ የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ በወርቁ ዋጅቶ ነጻ ያወጣዋል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ወጥቶ እርሱም በተራው ለባርነት ይሸጣል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻም ንጉሡ በጦቢያ ፍቅር ተይዞ ክርስትና ይነሣል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል፤ ዋሕድም ከንጉሡ ዘመዶች አንዷን ያገባል። የጦርነት ታሪክ በሠርግ አለቀ።

የአፈወርቅ አማርኛ ዛሬም አልደከመም። ሲያዝን ሆድ ያባባል፤ ሲያሞግስ ቃል አይጠበውም። ከሁሉም የሚደነቀው አረመኔውን ንጉሥ አውሬ አድርጎ አለመሣሉ ነው፤ ለምርኮኛ የሚራራ፣ ውበትና እንባ የሚያሸንፈው ሰው አደረገው። በዚያ ዘመን ከነበረው የቤተ መንግሥትና የደብር ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በልትስቪል በሚሰበሰበው የንባብ ክበባችን መጽሐፉን ስንወያይበት፣ ከአሌክሳንድሪያ እየመጡ የሚሳተፉ አንድ አባት ይህንኑ አጥብቀው ተከራከሩ። «ልጆቼ፣ አፈወርቅን አትኮንኑት፤ እርሱ እኮ ሰይፉን በሠርግ ነው የለወጠው» አሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች፣ የእናቷ እናት ቅማንት የነበሩ ጓዳችን እንዲህ ስትል መለሰችላቸው፦ «ጋሼ፣ የሰይፉስ ይሁን። ግን ንጉሡ ሲጠመቅ የካደው ማንን ነው? የካደውን እንኳ ስሙን አልሰማንም።» ክርክሩ እስከ ሌሊት ዘለቀ፤ ይህም ጽሑፍ ከዚያ የተወለደ ነው።

የጓዳችን ጥያቄ የመጽሐፉን ስስ ቦታ የነካ ይመስለናል። አንባቢ «ጦቢያ»ን አንብቦ ሲዘጋ የክርስቲያኖቹን አምላክ፣ ጸሎታቸውን፣ ተስፋቸውን ያውቃል። የሌሎቹን ግን መሐላቸው በማን እንደ ሆነ፣ ዝናብ ሲጠፋ ወዴት እንደሚጮኹ፣ ሙታናቸውን ለማን አደራ እንደሚሰጡ ይዞ አይወጣም። «አረመኔ» የሚለው ቃል እስላሙንም፣ ባለ ዋቃውንም፣ ባለ መዝጋናውንም አጭቆ ሊይዝ የሚችል ሰፊ ጆንያ ነው። ደራሲው እውነተኛ አገር እየዘገበ ቢሆን ኖሮ «አላወቀም» ብለን ባለፍነው ነበር፤ ነገር ግን አገሩን የፈጠረው ራሱ ነው። በፈጠራ ዓለም ውስጥ አምላክን ያለ ስም ማስቀረት የደራሲ ምርጫ ነው፤ ምርጫው ደግሞ ለድርሰቱ ያስፈልገዋል። ስም ያለው አምላክ፣ ካህን ያለው፣ በዓል ያለው፣ በአንድ የሠርግ ቀን ተነሥቶ አይሄድም። የሚሟገትለት ሰው ይኖራል። ሙግት ቢኖር ደግሞ ሠርጉ ይዘገይ ነበር።

ይህ የሕልም አገር ከየት እንደ መጣ ማሰብ አለብን። መጽሐፉ ከመታተሙ 30 ዓመት በፊት፣ በ1870 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አቁመው በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ የነበረውን የልደት ክርክር በተዋሕዶ ወገን ዘጉ፤ የወሎን እስላሞችም እንዲጠመቁ አዘዙ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፣ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ያልተጠመቀው ከሹመቱ ወረደ፣ ተሰደደ፤ ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉትም ለመቃወም ተነሡ። የአፈወርቅ ትውልድ በዚህ ወሬ መካከል ያደገ ነው። እንግዲህ «ጦቢያ»ን ከቦሩ ሜዳ አጠገብ አስቀምጠን ስናነበው ሁለት ነገር በአንድነት ይታየናል። በአንድ በኩል ንጉሥ ከተጠመቀ በዐዋጅ ሳይሆን በፍቅር ይጠመቅ የሚል የተሸፈነ ወቀሳ አለበት፤ አባታችን ያሉት እውነት የሚሆነው በዚህ ነው። በሌላ በኩል ግን ግቡን አልነካውም፤ መንገዱን ብቻ አለሰለሰው። በቦሩ ሜዳም በልብ ወለዱም ፍጻሜው አንድ ነው፤ ንጉሡ ይሻገራል፣ ሕዝቡ እንደ መንጋ ይከተላል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ቀድሞው እምነት የሚናገር አይኖርም።

ልብ ወለዱ በሠርጉ ሲያበቃ ታሪክ ግን በሠርግ አላበቃም። የተጠመቁት ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ ኢያሱ ተወለደ። መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ ታወጀ። የአፈወርቅ ሕልም ሥጋ ለብሶ የመጣ መስሎ ነበር፤ የሁለቱ ወገን ደም በአንድ ልጅ ተዋሐደ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ይኸው ልጅ «ሰልሟል» በሚል ክስ ከዙፋኑ ተሻረ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የአባቱ ጦር ድል ሆነ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ክሱ እውነት ነበር ወይስ የሸዋ መኳንንት የሥልጣን ሴራ የሚለውን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። ለእኛ ነጥብ የሚበቃው ክሱ መሥራቱ ነው። የአባቱ አባቶች እምነት ስሙ ሳይጠራ ተቀብሮ ስለ ነበር፣ በተፈለገ ጊዜ እንደ ነውር ተቆፍሮ ሊወጣ ቻለ። አፈወርቅ የጦቢያንና የንጉሡን ልጅ ታሪክ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር ብለን እንድናስብ ያስገድደናል።

የጠፋው ስም እጥረት አይደለም፤ አገራችን የአማልክት ስም ደሀ ሆና አታውቅም። የአክሱሙ ኢዛና ራሱ በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ የማሕረም ልጅ ነኝ ሲል፣ አስተርንና ምድርንም ሲጠራ እናገኘዋለን፤ ኋላ «የሰማይ ጌታ» ወደ ማለት ተሻገረ። ድንጋዩ ግን የቀድሞዎቹን ስም አልፋቀም፤ ሁለቱም ዛሬ ይነበባሉ። እንዲያውም ዛሬ ፈጣሪን የምንጠራበት ቃል «ብሔር»ን በውስጡ ይዟል፤ በግዕዙ ምድርና አገር ማለት ነው። (ስለ ብሔር ጥያቄ ስንት ወረቀት የጨረስን ሰዎች ይህን ቃል በየጸሎቱ ስንሰማው ልብ አለማለታችን ይገርማል።) በኦሮሞው ዘንድ ዋቃና አያና፣ በጉራጌው ዋቅና የመብረቁ ቦዠ፣ ጎንደር አጠገብ ደግሞ የቅማንቱ መዝጋናና ሃይማኖቱን ከአስተዳደሩ ጋር አንድ አድርጎ የሚመራው ወንበር ነበሩ። አፈወርቅ ያደገበት የጣና ዳር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሌላው ዓለም ያደረገውን ብናይ፣ ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ውስጥ የኢግቦውን ሽማግሌ አኩናን ከነጩ ሚሲዮናዊ ጋር አስቀምጦ ስለ ቹክዉና ስለ ትንንሾቹ አማልክት እኩል ለእኩል ያከራክራቸዋል። ማንም ማንንም አያሳምንም። አንባቢው ግን የሚፈርሰው ነገር ምን እንደ ነበረ አውቆ ያዝናል። በእኛ መጽሐፍ የምናጣው ይህን አንድ ገጽ ነው።

ከ«ጦቢያ» ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የኦዳውን ዋርካ ጠንቋይ የሚመለከት ተውኔቱን በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ አሳተመው። እዚህ ላይ መድረኩ የተገለበጠ ነው። የፈጠራው ሸለቆ በሙሉ የዛፉ ነው፤ ክርስትና ከሩቅ በመጡ እንግዶች አማካይነት በጎአ ጆሮ የገባ ወሬ ብቻ ነው። ጠንቋዩ ሻንካና ኡኩቴ እንዲጋቡ፣ የበኩር ልጃቸውም እንዲሠዋ ያዝዛል። ሻንካ ልጁን ላለመስጠት ሚስቱን ሳይነካ ይኖራል፤ ኡኩቴ ከጎአ ትፀንሳለች፤ ጓደኛሞቹ እንዲጋደሉ ይፈረድባቸዋል፤ እርሷም በምጥ ትሞታለች። ጸጋዬ ለሌላው አምላክ ድምፅ ሰጠው፤ አፈወርቅ ያላደረገውን አደረገ። ፍርሃቱ፣ የአባቶች ጥላ፣ የጨለማው ክብደት ሁሉ በግጥሙ ውስጥ ይሰማል። በተውኔትነቱ ከ«ጦቢያ» ይልቅ የበሰለ ሥራ ነው ብለን ያለ ማመንታት እንመሰክራለን።

ነገር ግን የሰጠው ድምፅ የማን ነው? ኦዳ በኦሮሞው ሥርዓት ሕግ የሚወጣበት፣ አባ ገዳዎች የሚሰበሰቡበት ጥላ ነው። ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ቡልቱም፣ ኦዳ ሮባ ሲባል የሚታወሰው ጉባኤው ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናቱ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን ሥርዓት በዝርዝር አሳይቶናል። ፖለቲካ ሳይንስ የምንማር ሰዎች ለአቴና አደባባይ የምንሰጠውን ክብር ለዚህ ጥላ ስንነፍግ ኖረናል። ጸጋዬ ራሱ ከዚህ ሕዝብ የተወለደ፣ ኋላም ስለ ሥልጣኔው አብዝቶ የዘመረ ባለቅኔ ሆኖ ሳለ፣ ዛፉን ከሸንጎነት አውጥቶ ደም የሚጠማው ጠንቋይ ማደሪያ አደረገው። ልብ ወለድ ነው፣ ተረት ነው ይባል ይሆናል። ፈጠራ መብት መሆኑን አንክድም፤ ሆኖም ስሙን ከእውነተኛው ዛፍ ከወሰደው ዘንድ ዛፉ መጠየቁ አይቀርም። ተውኔቱ በአደባባይ የወጣውም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንዲቱን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ ንጉሠ ነገሥቱንም በእርሷ እምነት አስሮ በነበረበት ጊዜ ነው። በዚያ መድረክ ላይ ጨካኝ ሆኖ የሚቀርበው የኦዳው አምላክ መሆኑ ሳንሱሩን የሚያስቆጣ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ግለሂስ ግድ ይለናል። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ታገል» ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያዊ ተብሎ ለመቆጠር የአንድ ወገን ቋንቋና ሃይማኖት ጭምብል መልበስ እንደሚጠየቅ ሲገልጥ የተማሪው ንቅናቄ ተናወጠ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እስላሙና ክርስቲያኑ ስለ ሃይማኖት እኩልነት በአዲስ አበባ ጎዳና አብረው ሲሰለፉ ንቅናቄው በደስታ ተቀበለ። ሆኖም የቀረው፣ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የሌለው አማኝ፣ በጽሑፎቻችን ውስጥ የገባው «ኋላ ቀር ልማድ» በሚል ርዕስ ሥር ነበር። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከወረዱት 60,000 ያህል ዘማቾች መካከል የገበሬውን ባህል አንኳስሰው ከገበሬው ጋር የተጋጩ ነበሩ። «አረመኔ» የሚለው የደብተራው ቃል በእኛ አፍ «አድኃሪ» ሆነ እንጂ ጆንያው ያው ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በባህላዊ እምነት የተመዘገበው ሰው ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞላም፤ ይህ ቁጥር የስብከት ውጤት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለእኛ አይቀልልንም።

ስለዚህ «ጦቢያ» አይነበብ አንልም፤ በየክበቡ ይነበብ፣ ነገር ግን ከቦሩ ሜዳና ከሰገሌ ጋር ይነበብ። የኦዳውን ተውኔት ደግሞ ኦሮምኛ የሚያውቁ ጓዶች ወደ ኦሮምኛ ቢመልሱት፣ ሽማግሌዎችም ፊት ቢነበብ፣ ከማናችንም ሂስ የተሻለ ሂስ ያገኛል ብለን እናምናለን። እስከ አሁን ጸጋዬን ስለ ኦዳ የጠየቅነው እንግሊዝኛ የምናነብ ሰዎች ብቻ ነን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው ጓዳችን ከስብሰባው በኋላ ወደ ጎንደር ደውላ እናቷን ስለ አያቷ ጸሎት ጠየቀች። እናቷ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያም «አሁን ምን ያደርግልሻል?» አሉ፤ በመጨረሻ ነገሯት። በክበባችን የጋራ ቅጂ ላይ፣ ንጉሡ ክርስትና ከሚነሣበት ገጽ ኅዳግ፣ በእርሳስ «መዝጋና» ተብሎ ተጽፏል። የአሌክሳንድሪያው አባታችን መጽሐፉን በተራቸው ሲወስዱ አዩት፤ አልፋቁትም።