ንድፍና ግንባታ በአንድ ዲግሪ፤ ከዘንገና ሲታይ

የቤት ንድፍ የሚማር ሰው እጁን ጭቃ ሳያስነካ፥ ግንባታ የሚማረውም አንዲት ክፍል ራሱ ሳይነድፍ ሁለተኛ ዲግሪ ሊቀበል ይገባዋልን? ይህን የምናነሣው ለክርክር ያህል አይደለም። የንድፍ ጥናት በአንድ ወገን፥ የግንባታ ቴክኖሎጂና አመራር በሌላ ወገን ሆነው፥ እያንዳንዱ በየመመረቂያ ጽሑፉ ሲያልቅ በመካከል የሚጠፋ ነገር አለ ብለን ስለምናምን ነው። የሚጠፋውም ራሱ ቤቱ ነው።

በአገራችን ትምህርቱ ሲጀመር ሐሳቡ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮሌጁን፥ የሕንፃ ምርምሩንና የግንባታ ዕቃ መፈተኛውን በአንድነት ይዞ ነበር። በኋላ የመጣው የኢትዮጵያ ሥነ ሕንፃ፥ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የዚያ ወራሽ ሆነ፤ ሦስቱን ሙያዎች በስሙ አስተሳስሮ መያዙም ደስ ያሰኛል። ስም ግን ገና ትምህርት አይደለም።

ከዚህ ኢንስቲትዩት ሥራዎች ለነገራችን የሚቀርበው፥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዙሪኩ ኢቲኤች ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ የተጀመረው ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ነው። የታችኛው ግድግዳ በካሳፎርማ ውስጥ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ፎቁን የሚሸከመው ግን ፌሮም እንጨትም ሳይሆን፥ ከአፈር የተሠሩ ስስ ጡቦች ተደራርበው ያበጁት ቅስት ነው። እንዲህ ያለው ቅስት ሲገነባ ከሥሩ ሙሉ ካሳፎርማ አይሻም፤ የመጀመሪያው ድርብ ቶሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ እየተያዘ ይሄዳል፥ ሁለተኛው በላዩ ይነጠፋል። እንጨት በተወደደበት አገር ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም። የቅስቱን ስሌት የሚያውቀው ሰው ጡቡን በእጁ ካልያዘ፥ ጡቡን የያዘውም ቅርጹ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ካልገባው፥ ሥራው አይቆምም። ስለዚህ ንድፍና እጅ በአንድ ትምህርት ሊገናኙ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ነቀፌታችን የሚጀምረው ይህንኑ ቤት በሐሳብ ወደ ዘንገና ስንወስደው ነው። ዘንገና በአዊ ዞን፥ ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ፥ በባሕር ዳር መንገድ ዳር ያለ፥ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው። አገሩ ደጋ ነው፥ ክረምቱም ብርቱ ነው። የአፈር ግድግዳ ጠላቱ ውኃ ስለ ሆነ፥ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣ ሰፊ ጣራ እዚህ እንደ ጌጥ አይቈጠርም። ደግሞም አፈር ብቻውን የአገሩ ሀብት አይደለም። ቀርከሃ በየጓሮው ይበቅላል፤ ለአጥርም፥ ለማገርም፥ ለወንበርም የሚውለው እርሱ ነው። ቀርከሃ ሦስት ዓመት ያህል ካልሞላው አይጠናም፤ ያለ ጊዜው ከተቈረጠም በውስጡ የቀረው ስታርች ነቀዝ ይጠራበታል። የአገሩ አናጢ የግንዱን ቀለም አይቶ የደረሰውን ካልደረሰው ይለያል፤ ይህን ያስተማረው መምህር ወረቀት የለውም። በሌላ በኩል፥ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቋሚ ከሥሩ ሲበሰብስ አናጢው ለውጦ ይተክላል እንጂ፥ ቋሚውን በድንጋይ መሠረት ላይ አስቀምጦ ከነፋስ እንዴት እንደሚያጸናው ስሌት ያሻዋል። ባለቤቱ ደግሞ ለዚህ ለውጥ ሁልጊዜ ይከፍላል።

እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር የተቋቋመው ባውሃውስ እያንዳንዱን ወርክሾፕ ለሁለት መምህራን፥ ለሠዓሊና ለባለ እጅ ሰጥቶ ነበር። በመምህራኑ ጉባኤ ግን ባለ እጁ ከሠዓሊው እኩል ድምፅ አልነበረውም። («ባለ እጅ» ማለት በእኛ አገር ስድብ ሆኖ መኖሩን አንባቢ አይዘነጋም፤ ስለዚህ ጀርመኖቹን ብቻ አንወቅስም።) አንድ የሚያደርግ ዲግሪ ሲታሰብ ይህ ጉድለት እንዳይደገም እንሻለን።

የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዕጩው ከጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል ይንደፍ፤ በትምህርት ግቢ ሳይሆን በመንደር ይሥራት። እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ስላላት ለዘንገና መንደሮች ሩቅ አይሆንም። ቀርከሃ የሚያውቀው አናጢ ከፈታኞቹ መካከል ከድምፅ ጋር ይቀመጥ። ውጤቱም ክፍሏ አንድ ክረምት ካለፈባት በኋላ ይሰጥ። ይህ የምረቃን ቀን ያዘገያል የሚሉ መምህራን ይኖራሉ፤ እውነታቸውን ነው፥ ያዘገያል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን የአናጢው ክፍያ ነው። ከንድፉ ክፍል ይውጣ ወይስ ከግንባታው ክፍል የሚለውን ሁለቱ አስቀድመው ካልተስማሙበት፥ አናጢው የእርሻ ቀኑን ሠውቶ በነፃ ሊያስተምር ነው።