የቤተሰብ ፎቶ ምዘና በጅማና በቡና ከተሞቿ

የቤተሰብ ፎቶ ጥራት መጀመሪያ የሚለየው በፊት ላይ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይስባል፤ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ምስሉን ሲሞሉት ፊታቸው ይጨልማል። አንሺው ፊቱን ለማውጣት ብርሃን ሲጨምር ደግሞ ነጠላው ነጥቶ ጥለቱ ይጠፋል። ስለዚህ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት የተነሳ ፎቶ ሲመዘን ከዓይን ሥር ያለው ቆዳና የነጠላው ክር ይታያሉ። ሁለቱም ካልጠፉ አንሺው ሙያውን ያውቃል። ይህ ቀላል ሙያ አይደለም፤ ኮዳክ ለቀለም ማስተካከያ ያሰራጨው ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፊት ስለነበረ፣ ለጥቁር ቆዳ የሚስማማውን ብርሃን ማግኘት ለአንሺው ተትቶ ኖሯል። ፎቶ አንሺው ሮይ ዴካራቫ በኒው ዮርኩ ሃርለም ሰፈር ይህን በሚገባ ተወጥቶታል፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ከጸሐፊው ላንግስተን ሂዩዝ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የጎረቤቶቹ ቤት ጥላው ሳይገፈፍ ፊታቸው ይነበባል።

በጅማ ብዙ ጊዜ የሚነሳውና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቡና ማፍላት ፎቶ ነው። ፍላሽ የዕጣኑን ጭስ ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። ጎበዝ አንሺ በር አስከፍቶ፣ የምታፈላዋን ብርሃኑ ከጎን እንዲያገኛት አድርጎ አቦሉ እስኪቀዳ ይጠብቃል። ጀበናው ለካሜራ ብቻ ከፍ ብሎ ስኒዎቹ ባዶ ከሆኑ፣ የተነሳው ትርኢት እንጂ ቤት አይደለም።

የለቀማ ወቅት ፎቶም እንዲሁ ይፈተናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቀይ እሸት የያዘ መዳፍ ብቻ፣ ፊት የሌለበት ምስል በብዛት ይነሳል። እሱ ለገዢ የሚሆን ማስታወቂያ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ግን ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ ጀንፈሉን የሚያገላብጠው ማን እንደሆነ፣ ከአጠገቡ ያለው ልጅ የማን እንደሆነ ያሳያል።

የፎቶ ቤት ሥራ፣ የተሳለ መጋረጃው ሰው ሠራሽ ነው ተብሎ መናቅ የለበትም። ልብሱን የመረጠው፣ ማን ተቀምጦ ማን እንደሚቆም የወሰነው ቤተሰቡ ራሱ ነው። እዚያ መታየት ያለበት እጅ ነው፤ የደረቀ እጅ አንሺው ሰዎቹን እንዳላረጋጋ ይመሰክራል።

በመጨረሻ ፎቶው ይገለበጣል። ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ፎቶ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው የድሮ ፎቶ ስብስብ አሰባሳቢዎች ከየቤቱ አልበም መጽሐፍ ማውጣት የቻሉት ባለቤቶቹ ታሪኩን መናገር ስለቻሉ ነው። የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ቤተሰቦችም አልበማቸውን አውጥተው፣ አያቶች በሕይወት ሳሉ በየፎቶው ጀርባ ስም ይጻፉበት።