በቤት የሚለካ የደም ግፊት፦ ታካሚው የመዘገበውን ማን ያነባል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስሠራ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አንዲት እናት ለክትትል መጡ። ከቦርሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አውጥተው «ልጄ፣ ቤት የለካሁትን ጽፌ መጥቻለሁ» አሉኝ። መለኪያውን የላከችላቸው አሜሪካ የምትኖር ልጃቸው ነበረች። በኮሪደሩ የሚጠባበቁት ብዙ ስለነበሩ «ጥሩ ነው እማማ፣ ያስቀምጡት» ብዬ ግፊታቸውን ለካሁ፤ 168 በ96 ሆነ። ይወስዱት በነበረው አንድ መድኃኒት ላይ ሌላ ጨመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት የተመለሱት እጃቸው በጀሶ ታስሮ ነበር፤ ሌሊት ከአልጋቸው ሲነሡ አዙሯቸው ወድቀዋል። ደብተሩን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። ጠዋትና ማታ በጥንቃቄ ከተመዘገቡት የላይኛው ግፊት ቁጥሮች፣ መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ከ118 እስከ 128 ነበሩ፤ ከተጨመረ በኋላ ግን ከ100 በታች የወረዱባቸው ቀናት ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ደም ግፊት አዲስ ግኝት ማስተዋወቅ አይደለም። ታካሚዎቻችንን «ቤታችሁ ለኩ» እያልን የለኩትን የማናነብ፣ በክፍላችን የምንለካውንም በሥርዓቱ የማንለካ ባለሙያዎች የምንፈጽመውን ስሕተት መተቸት ነው። ትችቱም ከጸሐፊው ይጀምራል።

ስያሜው ያስከተለው መሳሳት

በሕዝባችን ዘንድ በሽታው የሚታወቀው «ደም ብዛት» በሚለው ስም ነው። እኛም ለመግባባት ስንል እንጠቀምበታለን። ይሁን እንጂ የምንለካው ደሙ ምን ያህል እንደ በዛ ሳይሆን፣ በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ ያለውን ግፊት ያመለክታል። ስያሜው ሳይብራራ ሲቀር መዘዝ አለው። በዛ የተባለውን ደም ለመቀነስ ዋግምት የሚያስደርግ ሰው አለ። ራሱን ሲያመው «ደም ብዛቴ ተነሣ» ብሎ ክኒን የሚውጥ፣ ሲሻለው የሚያቆም ታካሚም የየዕለት ገጠመኛችን ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት ሳይሰጥ አንጎልን፣ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.3 ቢሊዮን ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም በቁጥጥር ሥር የዋለላቸው ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። የማይሰማ በሽታን ለማወቅ ያለን መንገድ መለካት ነው። እንግዲያውስ ልኬቱ ትክክል ካልሆነ የተቀረው ሕክምና በምን ላይ ይቆማል?

በምርመራ ክፍላችን የሚታየው

ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ የገለጸው በ1905 ነው። የአለካኩን ሥርዓት ሁላችንም በተማሪነታችን ተምረነዋል። ታካሚው ለአምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹን ሳያነባብር መሬት አስረግጦ፣ ክንዱን በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ሳይናገር ይለካል። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራ አያጨስም፤ ሽንቱ ከመጣም አስቀድሞ ይሸናል። በክንዱ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅም ለክንዱ ውፍረት የሚመጥን ሊሆን ይገባል።

በተግባር የሚታየው ሌላ ነው። ታካሚው ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ስሙ ሲጠራ እየተጣደፈ ይገባል። መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጨርቁ በሹራቡ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጥያቄያችንን እየመለሰ ይለካል። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተሙት ጥናት፣ ክንድ በጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 4፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል ደግሞ ወደ 6.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። ይህ ልዩነት ጤነኛውን «ታማሚ» ለማሰኘት ይበቃል።

በዚህ ላይ ማጠጋጋቱ አለ። የታካሚዎቻችንን ካርድ ብናገላብጥ 120 በ80፣ 130 በ80፣ 140 በ90 የሚሉ፣ በዜሮ የሚጨርሱ ቁጥሮች ይበዛሉ። የሰው ግፊት ዜሮን የሚመርጥበት ምክንያት የለም፤ የሚመርጠው የእኛ ችኮላ ነው።

ደብተሩ የሚነግረን

በክሊኒክ ከፍ ብሎ በቤት ደህና የሚሆን ግፊት አለ፤ «የነጭ ጋውን ግፊት» ልንለው እንችላለን። የእኒያ እናት ችግር ይኸው ነበር። ተቃራኒውም አለ፤ በእኛ ፊት ደህና ሆኖ በቤትና በሥራ ቦታ ከፍ የሚል ድብቅ ግፊት ነው። ይህኛው ይበልጥ ያሳስባል፤ ታካሚው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛልና። በጃፓን ኦሃሳማ በተባለው ሥፍራ የተካሄደው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ በቤት የተለካ ግፊት በክሊኒክ ከተለካው ይልቅ የሞትን አደጋ በተሻለ እንደሚጠቁም አመልክቷል።

ደብተሩ ጠቃሚ የሚሆነው ግን በሥርዓት ሲሞላ ነው። ለሰባት ቀናት፣ ባይቻል ቢያንስ ለሦስት፣ ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታም ከመኝታ በፊት፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁሉም ይጻፋል። የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የቀረው አማካይ ይወሰዳል። በክሊኒክ 140 በ90 ለሚባለው ወሰን በቤት የሚመጣጠነው 135 በ85 ነው። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መመሪያ ደግሞ ወሰኑን ወደ 130 በ80 ዝቅ አድርገውታል።

የቤት ልኬትን የሚጠራጠሩ ባልደረቦቼ የሚያነሡት መከራከሪያ መሠረት አለው። በገበያ ላይ ትክክለኛነታቸው ያልተረጋገጠ መለኪያዎች አሉ፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩትም በክንድ ላይ ከሚታሰሩት ያነሰ አስተማማኝ ናቸው። የልብ ምቱ የተዛባበት ሰው ልኬት ሊሳሳት ይችላል። በቀን ሃያ ጊዜ እየለካ ራሱን የሚያስጨንቅ፣ ከፍ ያለውን ቁጥር የሚደብቅ፣ በአንድ ልኬት ተነሥቶ መድኃኒቱን የሚቀይር ታካሚም ያጋጥመናል። ይሁንና ይህ ሁሉ እንድናስተምር እንጂ ደብተሩን እንድንንቅ ምክንያት አይሆንም። ታካሚው መለኪያውን ይዞ ይምጣ፤ በፊታችን ይለካ፤ ከእኛው ልኬት ጋር እናመሳክረው፤ መድኃኒት ያለ ምክር እንዳይቀይርም እንንገረው። ቁጥሩ 180 በ120 ሲደርስና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአንደበት መያዝ ሲታከልበት ግን ደብተር ሳይሞላ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለበት እናስረዳው።

ዋጋውስ? መለኪያ መግዛት የማይችለው ታካሚያችን ብዙ ነው። ለሐዘን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዝቶ የሚያቆይ ዕድር፣ ለአባላቱ በተራ የሚያውሰው አንድ የተረጋገጠ መለኪያ ቢገዛ ከዓላማው የሚርቅ አይመስለኝም። አጠቃቀሙን ማስተማር ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

የእኒያን እናት ሁለተኛ መድኃኒት አቆምኩ፤ ግፊታቸውም ደህና ሆኖ ቆየ። የተሰበረው አጥንት ለመጠገን ሳምንታት ፈጀ። ደብተሩን በመጀመሪያው ቀን ባነበው ኖሮ የሚወስድብኝ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባልደረቦቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ታካሚው ደብተሩን ሲዘረጋልን፣ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቱን ከመሳባችን በፊት እናንብበው።